ኃይል በእርግጥ ምን ይሠራል? ለፊዚክስ ተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

ግብ ጠባቂው ኳሷን ወደ ሰማይ ለጋት እንበል። ኳሷ እግሩን ለቃ ሽቅብ እየወጣች ነው። አየሩን ለጊዜው እንተወውና፣ በዚህች ቅጽበት ኳሷ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ተማሪ “ሁለት ናቸው” ይላል። አንዱ ቁልቁል የሚጎትታት የመሬት ስበት፣ ሌላው ግብ ጠባቂው የሰጣት ሽቅብ የሚወስዳት ኃይል። የእግሩ ኃይል እየደከመ ይሄድና ጫፍ ላይ ከስበት ጋር እኩል ሲሆን ኳሷ ለአፍታ ትቆማለች፤ ከዚያ ስበት ያሸንፍና ትወርዳለች። ሲሰሙት የሚጥም ነገር ነው፤ ግን ስህተት ነው። ኳሷ ላይ ያለው አንድ ኃይል ብቻ ነው፦ ስበት። ስትወጣም ስበት፣ ጫፍ ላይም ስበት፣ ስትወርድም ስበት። የግብ ጠባቂው ኃይል እግሩ ኳሷን በለቀቀበት ቅጽበት አብቅቷል። ኳሷ ይዛው የሄደችው ኃይል ሳይሆን ፍጥነት ነው።

በዚህ ጥያቄ የጀመርኩት የኒውተንን ሦስት ሕጎች በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ጭምር እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ስህተቱ ካልታረመ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ የቀመር ሽምደዳ ይሆናል። መስተካከል ያለበት ሐሳብ አንድ ነው፤ አንድ ነገር በመንገዱ እንዲቀጥል ኃይል አያስፈልገውም። ኃይል የሚያስፈልገው አካሄዱን ለመለወጥ ነው፤ ለማፍጠን፣ ለማዘግየት ወይም አቅጣጫ ለማስቀየር። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኃይል የምለው በክፍል ውስጥ ፎርስ የምትሉትን፣ መጠነ ቁስ የምለው ማስን፣ ሰበቃ የምለው ፍሪክሽንን ነው።

“ሁለት ኃይሎች” ብሎ የመለሰ ተማሪ ሊያፍር አይገባም። ታላላቅ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ያመኑበት መልስ ነው። አርስቶትል የሚገፋው ነገር ከሌለ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይቆማል ብሎ አስተማረ። ታዲያ ከደጋኑ የወጣውን ቀስት ማን ይገፋዋል ሲባል፣ ወርዋሪው አብሮ ያንቀሳቀሰው አየር ይገፋዋል አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን አልተቀበለም። ቀስት የሚገፋው አየር ከሆነ፣ ቀስቱን ሳይነኩ ከኋላው አየር በማናወጥ ብቻ ማስወንጨፍ ይቻል ነበር ብሎ ተከራከረ። በምትኩ ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ፣ ወርዋሪው በተወረወረው ነገር ውስጥ ኃይል ያስቀምጣል፣ እሱም ቀስ በቀስ ያልቃል የሚል ነበር። የዛሬው ተማሪ ስለ ኳሷ የሚሰጠው መልስ ከፊሎፖኖስ መልስ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሐሳብ ያወጣን ጋሊሊዮ ነው። ሁለት ተዳፋቶችን ፊት ለፊት አስቡ። ከአንደኛው አናት የተለቀቀች ለስላሳ ኳስ ወርዳ በሁለተኛው ላይ ትወጣለች፤ ሰበቃ ከሌለ የምትደርሰው የተለቀቀችበት ከፍታ ድረስ ነው። ሁለተኛው ተዳፋት ወደ ሜዳነት እየቀረበ በሄደ ቁጥር ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ርቃ መሄድ አለባት። ሁለተኛውን ጨርሶ ሜዳ ብናደርገውስ? ያንን ከፍታ መቼም አታገኘውም፤ ስለዚህ አትቆምም። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሐሳብ የመጀመሪያው ሕግ አደረገው፦ ጠቅላላ ኃይሉ ዜሮ የሆነ ነገር ቆሞ ከነበረ እንደቆመ ይቀራል፤ እየሄደ ከነበረ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቀጥተኛ መስመር ይሄዳል።

ምድር ላይ ይህን በዓይናችን ማየት የሚያስቸግረን ሰበቃና አየር ሁልጊዜ ጣልቃ ስለሚገቡ ነው። መኪና ነዳጅ ካልሰጡት ይቆማል፤ ከዚህ ተነስተን “ለመሄድ ኃይል ያስፈልጋል” እንላለን። ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚሄድ መኪናን ልብ በሉ። በሞተሩ ጉልበት የሚገኘው ወደ ፊት የሚገፋ ኃይልና የአየሩ፣ የጎማው፣ የማርሹ ተቃውሞ ልክ እኩል ናቸው። ድምራቸው ዜሮ ነው። ነዳጁ የሚቃጠለው እነዚህን ተቃውሞዎች ለማጣፋት ነው እንጂ መሄድ በራሱ ነዳጅ ስለሚፈልግ አይደለም። ተቃውሞ በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ጠፈር እንመልከት። ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኩራኩር በ1977 ተወንጭፋ እስከ ዛሬ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች ነው። ወደ ፊት የሚገፋት ሞተር የለም። እንዲያውም የፀሐይ ስበት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይጎትታታል።

አሁን ወደ ከተማ አውቶቡስ እንመለስ። መቀመጫ አጥታችሁ ቆማችኋል፤ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ፤ ወደ ፊት ተወረወራችሁ። ማን ገፋችሁ? ማንም። ከኋላችሁ ወደ ፊት የሚገፋ ነገር ፈልጉ፣ አታገኙም። አውቶቡሱ ዘገየ፣ ጫማችሁም ከወለሉ ጋር ባለው ሰበቃ ተይዞ አብሮ ዘገየ፤ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነታችሁ ግን የሚያዘገየው ነገር ስላላገኘ በነበረበት ፍጥነት ቀጠለ። ኢነርሺያ የምንለው ይኸው ነው። አደባባይ ሲዞርም ተመሳሳይ ነው። ሚኒባሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ በስተቀኝ የተቀመጠው ሰው ከመስኮቱ ጋር ይጣበቃል፤ “ወደ ውጭ የሚገፋኝ ኃይል አለ” ይላል። ሰውየው በቀጥታ ሊሄድ ሲል የመኪናው ግድግዳ ነው ወደ ግራ የሚገፋው። ኃይሉ ወደ ውስጥ ነው፤ የተለወጠውም አቅጣጫ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን ያለ ምንም ችግር ያየዋል፤ ግራ የሚገባው መኪናው ውስጥ ያለው ነው።

ሁለተኛው ሕግ ለውጡን በቁጥር ያስቀምጠዋል። ኃይል ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በአክስለሬሽን ነው፤ አክስለሬሽን ማለት ፍጥነት በእያንዳንዱ ሰከንድ የተለወጠበት መጠን። ቀመሩን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የማያስተውሉት ጊዜ ውስጡ መደበቁን ነው። ያው የፍጥነት ለውጥ በአጭር ጊዜ ከተደረገ ኃይሉ ትልቅ፣ በረጅም ጊዜ ከተደረገ ትንሽ ይሆናል። ይህ ዝርዝር የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ አለ። ይህ ፍጥነት በሰከንድ 13.9 ሜትር ነው። መኪናው ከቆመ ነገር ጋር ተጋጨ። ሰውየው የደህንነት ቀበቶ አስሯል፤ ቀበቶው በጥቂቱ ይለጠጣል፣ የመኪናው አፍንጫም እየተጨማደደ ጊዜ ይሰጣል። ሰውየው በ0.1 ሰከንድ ቆመ እንበል። አክስለሬሽኑ 13.9 ሲካፈል ለ0.1፣ ማለትም 139 ነው፤ በ60 ስናባዛው 8,300 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል። አንድ ኩንታል እህል መሬትን የሚጫነው በ980 ኒውተን ነው። ስለዚህ ቀበቶው ሰውየውን የያዘው በስምንት ኩንታል ተኩል ያህል ኃይል ነው። ከባድ ነው፤ ግን በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ ስለሚከፋፈል ሰው ይተርፍበታል። ቀበቶ ባያስርስ? መኪናው ሲቆም እሱ በ50 ፍጥነቱ ይቀጥላል፣ የሚያቆመውም ዳሽቦርዱ ወይም መስታወቱ ነው። በ0.01 ሰከንድ ከቆመ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ 85 ኩንታል ማለት ነው፣ ያውም በግንባር ላይ።

ከዚህ የሚከፋኝ ሌላ ስሌት አለ። ሕፃን ልጅ እናቱ ጭን ላይ አድርጋ ከፊት ወንበር የተቀመጠችባቸውን መኪናዎች ሁላችንም እናያለን፤ “አጥብቄ እይዘዋለሁ” ይባላል። ልጁ 10 ኪሎ ቢሆን፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው 0.1 ሰከንድ እሱን ለማቆም 1,390 ኒውተን ያስፈልጋል። ይህ 140 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ በሁለት ክንድ ተሸክሞ እንደመያዝ ነው፤ ያውም ሳይዘጋጁ፣ ዓይን ሳይርገበገብ። የእናት ፍቅር ወሰን የለውም፤ የክንድ ጡንቻ ግን ወሰን አለው። እባካችሁ ይህን ስሌት ቤት ውስጥ ለታላላቆቻችሁ አሳዩ። ልጁ ለዕድሜው በተሠራ፣ ከመኪናው ጋር በታሰረ መቀመጫ፣ ከኋላ ወንበር ነው መቀመጥ ያለበት።

ሁለተኛው ሕግ ሌላም የቆየ ግራ መጋባት ይፈታል። ከባድ ነገር ፈጥኖ ይወድቃል ብሎ የማያምን ጥቂት ነው። መሬት ከባዱን ድንጋይ አጥብቃ እንደምትስበው እውነት ነው፤ አሥር እጥፍ መጠነ ቁስ ያለው አሥር እጥፍ ይሳባል። ነገር ግን አሥር እጥፍ መጠነ ቁስ ያለው ነገር አካሄዱን ለመለወጥም አሥር እጥፍ ያስቸግራል። ሁለቱ ይጣፋሉና ሁሉም ነገር በእያንዳንዱ ሰከንድ ፍጥነቱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ይወድቃል። ወረቀት የሚንሳፈፈው አየር ስለሚይዘው ነው። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ እኩል ለቀቃቸው። አየር በሌለበት ሁለቱም እኩል መሬት ነኩ፤ ቪዲዮው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ፈልጋችሁ እዩት።

ሰበቃ እስካሁን እንደ አወናባጅ ነው የቀረበው፤ ይህ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ያለ ሰበቃ አንድ እርምጃ አንራመድም፣ መኪናም አይነሳም፣ አይታጠፍም፣ አይቆምም። ሞተር ጎማውን ያዞራል እንጂ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋው አስፋልቱ ነው፤ የሚገፋውም በሰበቃ ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና ጎማው እየተሽከረከረ ባለበት የሚቀረው ሞተሩ ስለደከመ ሳይሆን የሚገፋው መሬት ስላጣ ነው።

የፍሬን ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ይመጣል። ደህና ጎማ ያለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ሊያገኘው የሚችለው የማቆሚያ ኃይል በግምት የክብደቱን 0.7 ያህል ነው፤ መንገዱ ሲረጥብ ወደ 0.4 ሊወርድ ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በደረቁ 9 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱን እጥፍ አድርገን 80 ስናደርገው ርቀቱ 18 ሜትር አይሆንም፤ 36 ሜትር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም መኪናው ለመቆም እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም በአማካይ እጥፍ ፍጥነት ይሄዳል። በረጠበ መንገድ ያው 80 ከ60 ሜትር በላይ ይወስዳል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ80 ፍጥነት ሌላ 22 ሜትር ሄዷል። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ በተለይ አደገኛ የሚሆነውም በበጋ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ስለሚያሙለጨልጭ ነው።

የዓባይን በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ ድልድይ እስኪደርስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አሥር ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እየወረደ ነው እንበል። ጠቅላላ ኃይሉ ስንት ነው? ቁልቁለቱ ብዙዎችን “ወደ ታች ነው” ያሰኛቸዋል። ፍጥነቱም አቅጣጫውም እስካልተለወጠ ድረስ ግን ጠቅላላው ዜሮ ነው፤ ስበት ቁልቁል የሚጎትተውን ያህል ፍሬኑ፣ ሞተሩና አየሩ ሽቅብ ይይዙታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። 1,000 ሜትር ሲወርድ ስበት ለዚህ መኪና 98 ሚሊዮን ጁል ኢነርጂ ይሰጠዋል፤ ፍጥነቱ ስላልጨመረ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። 290 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ከወደቀ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለቱን ገና ሲጀምሩ ከባድ ማርሽ የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘው፣ ፍሬኑ ለክፉ ቀን እንዲተርፍ። “ነዳጅ ልቆጥብ” ብሎ ማርሹን አውጥቶ በዜሮ መውረድ ያንን ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ መጫን ነው።

ሦስተኛው ሕግ ሲነገር ቀላል፣ ሲሠሩበት ግን ከሁሉም የሚያደናግር ነው፦ አንዱ ሌላውን በገፋበት ኃይል ሌላውም አንዱን በተቃራኒው እኩል ይገፋዋል። ብልህ ተማሪ ወዲያው ይጠይቃል፤ “ፈረስ ጋሪውን ወደ ፊት በሳበበት ኃይል ጋሪው ፈረሱን ወደ ኋላ የሚስበው ከሆነ፣ ሁለቱ ተጣፍተው ጋሪው እንዴት ይንቀሳቀሳል?” ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ሕጉን ገና አላሰበበትም።

መልሱ፣ ሁለቱ ኃይሎች የሚያርፉት በተለያዩ ነገሮች ላይ ስለሆነ አይጣፉም። አንዱ ጋሪው ላይ፣ ሌላው ፈረሱ ላይ ነው። የጋሪውን እንቅስቃሴ ማወቅ ከፈለግን ጋሪው ላይ ያረፉትን ብቻ እንቆጥራለን፦ ፈረሱ ወደ ፊት ይስበዋል፣ የመንኮራኩሩ ሰበቃ ወደ ኋላ ይይዘዋል። የፈረሱ መሳብ ከበለጠ ጋሪው ይነሳል። ፈረሱን ለማወቅ ደግሞ ፈረሱ ላይ ያረፉትን፦ ጋሪው ወደ ኋላ ይስበዋል፣ መሬት ወደ ፊት ይገፋዋል። አዎ፣ መሬት። ፈረሱ በኮቴው መሬትን ወደ ኋላ ይረግጣል፣ መሬትም ፈረሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጋሪው በመጨረሻ የሚነሳው መሬት በፈረሱ ኮቴ ላይ ስለምትገፋ ነው። በድጥ መንገድ ፈረሱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጋሪው ባለበት ሲቀር፣ የጎደለው ይህ የመሬት ግፊት ነው።

ሮኬትም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ የሚገፋው አየሩን ሳይሆን ከራሱ ሆድ የሚያወጣውን ጋዝ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ1920 የአሜሪካዊውን የሮኬት ተመራማሪ የሮበርት ጎዳርድን ሮኬት ጠፈር ላይ የሚገፋው ነገር ስለሌለ አይሠራም ብሎ ጽፎ ነበር። ማስተካከያ ያወጣው በ1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ እየተጓዘች ሳለ ነው።

ፈተና ላይ የኃይል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና በወረቀት ላይ ለብቻው ሳሉት። ከዚያ “አሁን የሚነካው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ደረጃ ከምታጠኗቸው ኃይሎች ሳይነካ የሚሠራው ስበት ነው፤ ማግኔትና ኤሌክትሪክ ካሉ እነሱም ይጨመራሉ። ከዚያ ውጭ የሚነካው ነገር ከሌለ ኃይል የለም። “የጉዞው ኃይል”፣ “የውርወራው ኃይል” የሚባል ቀስት ሥዕሉ ላይ ከታየ ሰርዙት፤ ባለቤት የሌለው ኃይል የለም።

ይህን በሊፍት ሞክሩት። 60 ኪሎ የሆነ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል። ሊፍቱ ባልተለወጠ ፍጥነት ሽቅብ እየወጣ ሳለ ሚዛኑ ስንት ያሳያል? ሰውየውን የሚነካው ሚዛኑ ነው፣ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ስበት ቁልቁል ይስበዋል። ፍጥነቱ አልተለወጠምና ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሚዛኑ 60 ያሳያል፣ ሊፍቱ ቆሞ እንደነበረው። የሚለየው ሲነሳ ነው። በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ1 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ሲነሳ ሚዛኑ 66 ያነባል፤ የሚፈለገው ፎቅ አጠገብ ደርሶ በዚያው መጠን ሲዘገይ፣ ገና ሽቅብ እየወጣ እያለ፣ 54 ያነባል። የሚወርደውን ሊፍት እናንተ ሥሩት፤ ሲነሳ 54፣ መሬት ሊደርስ ሲዘገይ 66 ካገኛችሁ ገብቷችኋል።